አሮጌ ስልክ ይዛችሁ አገር ቤት ስትገቡ፦ በካምፓኒው ማስከፈት፣ ቺፕ ወይስ አዲስ መግዛት?

ፋሲካ ሲቃረብ አንድ ጥያቄ ይበዛብኛል። "መሳቢያ ውስጥ የተኛ አይፎን አለኝ፣ አዲስ አበባ ሲም ባስገባበት ይሠራል?" ጠያቂዎቹ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ወዳጆቼ ናቸው። በስልክ መመለሱ ስለሰለቸኝ እዚህ ልጻፈው።

መልሴ አጭር ነው። ስልኩ ሎክ ከሆነ፣ ማለትም የሸጠላችሁን የስልክ ካምፓኒ ሲም ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ ካምፓኒው ራሱ ይክፈተው፤ በነፃ። እኔ ይህን ለመማር 65 ዶላርና 1,800 ብር ከፍያለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለሦስት ሳምንት ልሄድ ስል አንድ አሮጌ አይፎን 8 ነበረኝ። ሎክ ነው። ካምፓኒው ጋ መደወል ሰነፍኩና ኢንተርኔት ላይ "በ24 ሰዓት እንከፍታለን" የሚሉ ሰዎች አገኘሁ። 25 ዶላር ከፈልኩ። በማግስቱ "ስልክዎ ፕሪሚየም ሆኖ ተገኝቷል፣ 40 ይጨምሩ" አሉኝ። ጨመርኩ። ሳምንት ቆይተው "ይህ ስልክ አይከፈትም" ብለው ጻፉ። ገንዘቤስ ስል፣ ለሌላ ስልክ የሚሆን "ክሬዲት" ሰጡኝ። ሌላ ስልክ የለኝም እኮ!

ስልኩን እንደያዝኩ አዲስ አበባ ገባሁ። ቦሌ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ ገልበጥ አድርጎ አየና "ጋሼ፣ ይሄማ ቺፕ ነው የሚፈልገው" አለኝ። ቺፑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች፣ ወርቃማ ነጠብጣብ ያላት ነገር ናት። ከሲሙ ሥር ትለጠፋለች። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ረጅም ቁጥር ይጻፋል፣ ስልኩም የራሱ ካምፓኒ ሲም የገባለት ይመስለዋል። ከነእጅ ዋጋው 1,800 ብር። ሠራልኝ፣ ለአራት ቀን። በአምስተኛው ሌሊት ስልኩ ራሱን አፕዴት አድርጎ አደረ። ጠዋት "ኖ ሰርቪስ" ይላል። ልጁ ጋ ስመለስ "ማን አፕዴት ያድርጉ አለዎት?" ብሎ እኔኑ ተቆጣኝ። ቺፑን ሊያወጣ ሲል ሲሙ የሚቀመጥበት ትሪ አልወጣም አለ፤ ሲሙና ቺፑ ተደራርበው ወፍረዋላ። በወረንጦ ሲጎትተው ቀጭ አለና የትሪው ግማሽ ብቻ ወጣ።

ምሥጢሩን ያወቅሁት አሜሪካ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ስልኩ 38 ዶላር ቀሪ ክፍያ ነበረበት። እኔ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። 38ቱን ከፈልኩ፣ ጥያቄ አስገባሁ፣ በማግስቱ ተከፈተ። ለመክፈቻው አንድ ሳንቲም አልጠየቁኝም።

ይህ የነሱ ቸርነት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ሕግ ስልክን ማስከፈት ፈቃድ ያለው ነገር ነው። ትልልቆቹ ካምፓኒዎችም ደንበኛቸው ለሆነም ለነበረም በነፃ ለመክፈት ቃል ገብተዋል። የሚጠይቁት ዕዳው ያለቀ፣ ጠፋ ወይም ተሰረቀ ያልተባለ፣ ኔትወርካቸው ላይ የተወሰነ ቀን የሠራ ስልክ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ 60 ቀን ይላል። ቲ ሞባይል ወርሃዊ ለሚከፍል 40 ቀን። ቅድመ ክፍያ ከሆነ ይረዝማል። ቬራይዘን ከ2019 በፊት የሸጣቸው የ4ጂ ስልኮች ደግሞ አብዛኞቹ ከመጀመሪያውም ክፍት ናቸው፤ ሰው ሳያውቅ ለማስከፈት ይከፍልባቸዋል።

ስለዚህ ከማንም በፊት ስልኩን እዩት። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ ገብታችሁ ወደ ታች ውረዱ። "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" ካለ ክፍት ነው፣ ገንዘባችሁን ያዙ። ካልሆነ *#06# ደውሉና የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ይዛችሁ ካምፓኒውን ጠይቁ። ከጉዞው ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ተከፈተ ሲሏችሁም አትመኑ፤ የሌላ ካምፓኒ ደንበኛ የሆነ ጓደኛ ሲም ለአምስት ደቂቃ ተዋሱና ሞክሩት።

ሳምሰንግ ላይ የመክፈቻ ኮድ ከሰጧችሁ ተጠንቀቁ። በግምት እየደጋገማችሁ ከተሳሳታችሁ ስልኩ ይቆልፋል፣ ከዚያ በኋላ ትክክለኛውንም ኮድ አይቀበልም።

ጊዜ ያጠረበት ሰውስ? እኔ ቺፑ ከከዳኝ በኋላ ባለ ቁልፍ አይቴል በ2,300 ብር ገዛሁ። ሁለት ሲም ይወስዳል፣ ባትሪው አራት ቀን ይሄዳል፣ ቴሌብርም በ*127# ይሠራል። ዋትስአፕና ካርታ የለም፣ ያ ብቻ ነው የቆጨኝ። ለቺፕ ከምትከፍሉ ይህን ግዙ።

ርካሽ "ሳምሰንግ" ግን አደራ። የአክስቴ ልጅ በ9,000 ብር 512 ጊጋ የሚል ገዛ። ሴቲንጉም 512 ይላል። የእህቱን ሠርግ ቪዲዮ ቀረጸበት፤ ግማሹ አልከፈትም አለ፤ 512ቱ የውሸት ነበራ። ሻጩ ፊት *#0*# ደውሉበት። እውነተኛ ሳምሰንግ ባለ ብዙ ቁልፍ የመፈተሻ ገጽ ይከፍታል፣ ለአሜሪካ ካምፓኒዎች ከተሠሩት አንዳንዶቹ በቀር። ኮፒው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል።

ሮሚንግስ፣ የአሜሪካውን ሲም እዚያው መጠቀም? የኔ ካምፓኒ በቀን 12 ዶላር ይላል። በ21 ቀን 252 ዶላር ነው። ለለቅሶ ለሦስት ቀን ለሚሄድ 36 ዶላር ነው፣ ይሁን፤ ሲም ፍለጋ አይንከራተት። ከዚያ በላይ ለሚቆይ ሰው ግን ኪስ ማራቆት ነው።

አንዳንድ ስልክ ደግሞ ቢከፈትም አይረባም። ሲም ማስገቢያ የሌለው የድሮ ስፕሪንት ስልክ ለልጅ መጫወቻ ስጡት። የአይክላውድ ቁልፍ ያለበትም እንዲሁ፤ ያ የካምፓኒው ሳይሆን የባለቤቱ ቁልፍ ነው፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ተዉት። ከአይፎን 14 ጀምሮ አሜሪካ የተሸጡት ደግሞ ጭራሽ የሲም ትሪ የላቸውም፤ በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም፣ ብቻ ነው የሚሠሩት።

አሮጌውን የምወደው ለሌላም ምክንያት ነው። ዋናው ስልኬ የአሜሪካ ሲሙን እንደያዘ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጣል፣ ባንኬ ኮድ ሲልክ እቤት ዋይፋይ ላይ አየዋለሁ። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ የማወጣው አሮጌውን ነው። ቢነጥቁኝ እናደዳለሁ እንጂ አላለቅስም።

ያ አይፎን 8 አሁን አክስቴ ጋ ነው። አዲሱን ትሪ መርካቶ አግኝተውለት በ150 ብር ገጠሙለት። ስልኩ ጥቁር፣ ትሪው ወርቃማ ነው። እሳቸው "ጌጥ ሆነለት" ይላሉ።