«እኛ ጋ ምንም አትልም» ለተባላችሁ ወላጆች

ይህን የምጽፈው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ላላችሁ ወላጆች ነው። ልጃችሁ ትምህርት ቤት ጨዋ፣ ቤት ሲገባ ግን ሌላ ልጅ ከሆነባችሁ አንብቡኝ።

ልጃችን 7 ዓመቷ ነው። አስተማሪዋ አመስግና አትጠግባትም። ቤት ስትደርስ ግን ካልሲው ይቆረቁራታል፣ ብሌንደር ሲነሳ ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች። ጸጉር መሥራትማ አይነሳ! እሁድ ማታ ሰኞን እያሰበች ሆዷን ያማታል። ትምህርት ቤቱን ስንጠይቅ «እኛ ጋ ምንም አትልም» ይሉናል። ዘመድ ደግሞ «አቀበጣችኋት» ይላል።

የሕፃናት ሐኪሟ አማርኛ ወደምትናገር አንዲት ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ልጆች እንደ መልበስና መበጠር ያለውን የዕለት ተዕለት ነገር እንዲችሉ የምትረዳ ባለሙያ) ላከችን። ይህች እህታችን ከሁሉ በፊት አመነችን። ልጅቷ እሷ ፊት ጸጥ ብላ ተቀምጣ እንኳን አመነችን። ለእኛም ለአስተማሪዋም ለየብቻ መጠይቅ ሰጠች፤ ቤት የምትሆነውን በቪዲዮ አየች። መልሳችን ሲለያይ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለች። እናቴንም ቁጭ ብላ አስረዳቻት፦ «እማማ፣ ቅብጠት እንዳይመስልዎት። ጫጫታውን፣ መብራቱን፣ ግፊያውን ቀኑን ሙሉ ስትችለው ትውላለች። የምትለቀው የምታምነው ሰው ጋ ስትደርስ ነው።» ከዚያን ቀን ወዲህ እናቴ ዋና ጠበቃዋ ሆናለች።

የመከረችን ነገር ቀላል ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ቀኑ እንዴት ነበር?» ብለን አንጠይቃትም። መክሰስ በልታ ጸጥ ያለ ክፍል ትገባለች። ቀጥሎ ሰውነቷን የሚያሠራ ነገር፦ የአስቤዛ ከረጢት መሸከም፣ ሊጥ ማሸት። ለጸጉሯ ደግሞ ቀላል ንክኪ ይበልጥ ስለሚረብሻት፣ ከማበጠራችን በፊት ጭንቅላቷን በመዳፍ ጠበቅ አድርገን እንይዛለን። ስንት ሹሩባ እንደቀረም እንነግራታለን። ቤተ ክርስቲያን ከበሮው ሲበረታ ጆሮ መከላከያዋን ታደርጋለች፤ ማንም ቢያይ ግድ የለንም።

ችግሩ ጠፋ አልልም። ግን ሹሩባ ያለ ለቅሶ ተሠርታ አይቻለሁ። ቴራፒስቷ በጻፈችው ሪፖርት መነሻነትም ትምህርት ቤቱ በ504 ፕላን (ችግር ላለበት ተማሪ ትምህርት ቤቱ በሕግ የሚያደርገው ማመቻቸት) ጸጥ ያለ የማረፊያ ቦታ ፈቅዶላታል። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ክፉ አይንካሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጃችሁ የሕዝብ ትምህርት ቤት ከሆነ፣ እንዲገመገም በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ግምገማው ነፃ ነው፤ አስተርጓሚም ጠይቁ። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የመንግሥት የጤና መድን) ያለው ልጅ ከ21 ዓመት በታች ከሆነ፣ ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑ ሲረጋገጥ ይሸፈንለታል።

የቴራፒስቷን ስም የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሪፈራሉን (የመላኪያ ወረቀቱን) ግን ከሐኪማችሁ ቀድማችሁ ያዙ።