ሰኞ ማታ በጀድሰን፦ ገና ያላለቀ ዳንስ፣ በነጻ
ኒውዮርክ ያላችሁ ዳንስ ወዳዶች፣ ሙቭመንት ሪሰርች የተባለው ድርጅት ዋሽንግተን ስኩዌር አጠገብ ባለው ጀድሰን ቤተ ክርስቲያን ሰኞ ማታ የሚያዘጋጀውን ትርኢት ሳታዩ እንዳትቀሩ። መግቢያው ነጻ ነው። ኮሪዮግራፈሮቹ፣ ማለትም ዳንሱን የሚፈጥሩት ሰዎች፣ ገና እየሞከሩት ያለውን ሥራ ነው ይዘው የሚመጡት፣ የተራቀቀ መብራት የለም፣ ሁሉም ነገር ቅርብ ስለሆነ የዳንሰኛው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማችኋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ጀድሰን ዳንስ ቲያትር የተባለው ቡድን ወጣቶች ተራ እርምጃንና ሩጫን እንደ ዳንስ ያቀረቡት እዚሁ ነው! አቅራቢዎቹን የሚመርጡት ራሳቸው አርቲስቶች መሆናቸው በጣም ደስ ይለኛል፤ የትኬት ገቢ የሚያስጨንቀው ሰው ቢመርጥ ኖሮ ግማሹን ባላየነው። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ሥራ ያሰለቻል። ቢሆንም ለጀማሪ ኮሪዮግራፈር እውነተኛ ተመልካች ፊት እንደልብ መሞከር ትልቅ ድጋፍ ነው። ቀደም ብላችሁ ሂዱና ፊት ለፊት ተቀመጡ።