የቤንዚን ፓምፕ ወይስ የሶላር? ለሩብ ሄክታር አትክልት የቱ ያዋጣል

ሥራዬ ተክለሃይማኖት አካባቢ ስለሆነ መርካቶ ጎረቤቴ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ሆለታም፣ ሰበታም፣ ቢሾፍቱም የቤተሰብ መሬት ያለው ወዳጅ ሁሉ እኔ ጋ የሚደውለው። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ሩብ ሄክታር አለችን፤ በበጋም እናልማት ብለናል። ምን ፓምፕ እንግዛ?» ለእያንዳንዱ ከምደግመው አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ውሃችሁ የጉድጓድ ከሆነና መሬቱ የራሳችሁ ከሆነ ሶላር ግዙ። ወንዝ ዳር ከሆናችሁ ወይም መሬቱን ለአንድ ዓመት ከተከራያችሁት ቤንዚን ይሻላችኋል። ከመስመር የሚሠራውን የኤሌክትሪክ ፓምፕ እዚህ አላነሳውም። ገጠር ውስጥ ቮልቴጁ ሲወርድ ዲናሞው ይቃጠላል፤ በየጊዜው ማስጠቅለል ነው።

ቤንዚኑ ሲገዛ ርካሽ ነው

ሱቅ ስትገቡ ልባችሁን የሚወስደው የቤንዚኑ ዋጋ ነው። ባለ ሁለት ኢንች የቻይና ፓምፕ ከሙሉ የሶላር ዕቃ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው፤ አልከራከርም። ግን የተነገራችሁ ዋጋ የፓምፑ ብቻ ነው። መምጠጫ ቱቦው ለብቻ፣ ጫፉ ላይ ገብቶ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ፉት ቫልቭ ለብቻ፣ ማስወጫ ቱቦው በሜትር ይታሰባል። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ሲባል ደግሞ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። ስለዚህ ሒሳቡ ሙሉ ይሁን። «ውሃ መሬቴ ላይ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ሁሉ ደምርልኝ» በሉት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሰኞ ዋጋ ለዓርብ አይሆንም። ወረቀት ላይ ያስጻፋችሁትን ዋጋ ይዛችሁ ሌላ ሱቅ ግቡ፤ በቃል የተነገረውን ማንም አያከብርላችሁም።

አሁን ወደ ነዳጁ እንምጣ። ሩብ ሄክታር አትክልት በበጋ በቀን 20 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይፈልጋል። ተክሉ ራሱ የሚጠጣው 12 ወይም 13 ነው፤ የቀረው ቦይ ላይ ይቀራል። ባለ 5.5 የፈረስ ጉልበት የሚባለው ሞተር በሙሉ ጭነት በሰዓት 1.4 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ቱቦው ረዝሞ፣ ዳገቱ ተጨምሮ በቀን ሁለት ሊትር በሉት። ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 አንድ ሊትር ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በዚያ ዋጋ በቀን 203 ብር ነው፤ በወር 6,088። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያሉትን ስምንት ወራት ስታስቡት 48,700 ብር ገደማ ይሆናል። ያው ዓመት ሲጠባ ሊትሩ 82 ብር ከ60 ነበር። ከታኅሣሡ ወዲህም ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም።

ይህ እንግዲህ በማደያ ዋጋ ነው። ማደያው በጀሪካን አልቀዳም፣ ከወረዳ ደብዳቤ አምጡ ይላል። ደብዳቤው ሲዘገይ ችግኙ አይጠብቅም። ገበሬው መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ከሚሸጡት ይገዛል፤ እዚያ ዋጋውን የሚወስነው ሻጩ ነው።

የሶላሩ ሙሉ ዕቃ ከቤንዚኑ 100 ሺህ ብር ይበልጣል እንበል። በማደያ ዋጋ እንኳ ካሰባችሁት ልዩነቱ ሁለት በጋ አልፎ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። በጥቁር ገበያ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይመለሳል።

ጎመን ሲረክስ ቤንዚን አይረክስም

ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የገዛችሁት ፓምፕ የምትተክሉትንም ይወስናል። የቤንዚን ፓምፕ ያለው ሰው ነዳጁ እጁን ስለሚበላው አንድ ትልቅ ምርት ላይ ይወራረዳል። ሽንኩርት ወይም ቲማቲም ይተክላል፣ አራት ወር ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ከዚያ ሁሉም ያመረተበት ሳምንት ላይ ገበያ ይወጣል። ከፒያሳ ጃንሜዳ፣ ከጃንሜዳ ደግሞ ኃይሌ ጋርመንት የተዛወረው አትክልት ተራ ጠዋት ሄዳችሁ እዩት። መኪና በበዛበት ቀን ቲማቲም ይዞ የመጣ ሰው የሣጥኑን ኪራይ ለመሸፈን ሲለምን ታገኙታላችሁ።

ሳይቋረጥ የሚገባ ገቢ የሚመጣው በየሳምንቱ ከሚቆረጠው ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ። ቆስጣ ሁለት ወር ሳይሞላው መቆረጥ ይጀምራል፤ ከዚያ እየታጨደ እንደገና ያቆጠቁጣል። እነዚህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ውሃ ይፈልጋሉ። ሶላር የሚሰጠውም ይህንኑ ነው። ዋጋ ሲወርድም ማጠጣታችሁን አታቆሙም፤ ፀሐይዋ ሒሳብ አትጠይቅም። ዓቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ከተማው ለ55 ቀን ቅጠል ፈላጊ ይሆናል። ያኔ ማሳቸው አረንጓዴ የሆነው ከዚያ በፊት ጎመን ረከሰ ብለው ውሃ ያላቋረጡት ናቸው።

«በደመና ጊዜስ?» ትሉ ይሆናል። ደመናው የሚበረታው ክረምት ነው። ክረምት ደግሞ ሰማዩ ራሱ ያጠጣል።

የደጋው ችግር

ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር አለ። የቤንዚን ፓምፕ ላይ «መሳብ፦ 8 ሜትር» ተብሎ የሚጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው፤ ከፍታ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል። ሆለታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከአምስት ወይም ከስድስት ሜትር በታች ያለ ውሃ በቤንዚን ፓምፕ እጎትታለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው። ሞተሩም በዚያ ከፍታ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል።

ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? ጉድጓዱ ውስጥ መደብ ቆፍሮ ፓምፑን ወደ ታች ያወርደዋል። ይህን በፍጹም አታድርጉ። የሞተሩ ጭስ ጉድጓድ ውስጥ ይታመቃል፤ ጋዙ አይሸትም፤ ሊያጠፋው የወረደውን ሰው እዚያው ያስቀረዋል። ሊያወጣው የሚወርደው ሁለተኛ ሰውም አብሮ ይቀራል። ውሃው ጥልቅ ከሆነ ቤንዚን አይሆንም፤ አለቀ።

ሌላም አለ። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃው ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። የቤንዚን ፓምፕ ያንን በደቂቃዎች ያደርቀውና በባዶ መሽከርከር ይጀምራል። በባዶ ሲዞር ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ማሸጊያ («ሲል» የሚባለው) ይቃጠላል፣ ውሃ ማፍሰስ ይጀምራል። ባለቤቱ ጎመን ሲኮተኩት ድምፁ መለወጡን እንኳ አይሰማም። ውሃው ውስጥ ተቀምጦ ወደ ላይ የሚገፋው የሶላሩ ጠላቂ ፓምፕ በሰዓት ሦስት ወይም አራት ሜትር ኩብ እያለ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚስብ ጉድጓዱ ፋታ ያገኛል።

«የሆንዳ ፎቶ»

የአክስቴ ልጅ ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ መሬት አለው። «ኦሪጅናል ሆንዳ ነው» ተብሎ፣ በኦሪጅናል ዋጋ ገዛ። አንድ በጋ ሳይጨርስ ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረ። ተሸክመነው ሶማሌ ተራ ወሰድነው። ሜካኒኩ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን ፈታ፣ የፒስተኑን ፋሻዎች አየ፣ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ይኼ ሆንዳ አይደለም። የሆንዳ ፎቶ ነው።» ዋስትና የጻፈልን ሱቅ ፒያሳ ነበር። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ሱቁም አብሮ ሄደ፤ ስልኩም አይነሳም።

ልብ በሉ፣ የቻይና ሞተር ስለሆነ አልከፋኝም። ቻይናውን በቻይና ዋጋ ከገዛችሁት ጥሩ ነው። አሠራሩ ከሆንዳው ስለተቀዳ ካርቦራተሩም፣ ካንዴላውም፣ ፋሻውም የትም ይገኛል። የትኛውም የወረዳ ከተማ ያለ የባጃጅ ሜካኒክ ይፈታዋል። ይህ የቤንዚን ትልቁ ብልጫ ነው፤ አልነፍገውም። የሚያቃጥለው ቅጂውን በኦሪጅናል ዋጋ መግዛት ነው። የኦሪጅናሉ መለያ ቁጥር ሞተሩ ብረት ላይ ተመትቶ ነው የሚገኘው። ተለጣፊ ወረቀት ብቻ ካያችሁ ወይም ከስሙ አንድ ፊደል ከጎደለ ዋጋውን በዚያው ልክ አውርዱ፤ ካልሆነ ውጡ።

ሶላር ሲገዛም ማጭበርበር አለ

ሜትርና ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ፊቱን ካጨማደደ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

ሜትሩ ለፓነሉ ነው። ዛሬ ያለው ጥሩ ፓነል በአንድ ካሬ ሜትር ከ200 እስከ 220 ዋት ገደማ ይሰጣል። 550 ዋት የሚባለው ርዝመቱ 2 ሜትር ከ28፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ13 አካባቢ ነው፤ ክብደቱም ከ27 ኪሎ አያንስም። አንድ ሰው በብብቱ ይዞት የሚሮጠውን ፓነል «400 ዋት ነው» ቢሏችሁ አትመኑ። ወርዱን በርዝመቱ አባዙና በ200 ምቱት፤ ውሸቱ እዚያው ይወጣል። ዋጋ ስትደራደሩም በፓነል ሳይሆን በዋት አስቡ፤ ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ የሚወደደው ያኔ ነው።

ማግኔቱ ለፓምፑ ገላ ነው። «ስቴንለስ ነው» የሚሉት ላይ ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ከተለጠፈ ብዙ ጊዜ የተቀባ ብረት ወይም ርካሽ ስቴንለስ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ሊዝግ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ግን ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። «80 ሜትር ይገፋል፣ በሰዓት 5 ሜትር ኩብ ይሰጣል» ይላል። ሁለቱ አብረው አይሆኑም። 80 ሜትር ሲገፋ ውሃው ጠብታ ነው፤ 5 ሜትር ኩብ የሚሰጠው ሽቅብ ሳይገፋ ነው። «በ15 ሜትር ስንት ይሰጣል?» ብላችሁ ሠንጠረዡን ጠይቁ። ሠንጠረዥ የሌለውን ዕቃ አትግዙ።

ለሩብ ሄክታርና ለ15 ሜትር ጥልቀት ሁለት ባለ 550 ፓነል በቂ ነው፤ ለአቧራና ለቀላል ደመና እንኳ ትርፍ አለው። ግን አገናኙን ተጠንቀቁ። አንዱ ፓነል ያለ ጭነት 50 ቮልት ገደማ ያወጣል። ሁለቱን በተከታታይ ካሰራችሁ 100 ይሆናል፤ በብርዳማ ጠዋት ደግሞ ያልፋል። በፓነሉና በፓምፑ መካከል የሚገባው መቆጣጠሪያ ሳጥን ከ100 ቮልት በላይ የማይችል ከሆነ በመጀመሪያው ኅዳር ጠዋት ይቃጠላል። ይህ ሳጥን የሶላር ደካማ ጎን ነው። የወረዳ ሜካኒክ አይነካውም፣ ብዙውን ጊዜ መቀየር ነው። ስለዚህ የሚችለውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ከኋላው አንብቡ፣ ከፀሐይና ከዝናብ ከልሉት፣ ከመግዛታችሁ በፊትም መለዋወጫው ለብቻው እንደሚሸጥና በስንት እንደሚሸጥ ጠይቁ።

ባትሪና ኢንቨርተር ሊጨምሩላችሁ የሚሞክሩ አሉ። አትቀበሉ። ለማታ የሚሆነው ውሃ በሮቶ ወይም ጂኦመምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ) በተነጠፈበት ኩሬ ይጠራቀማል። ባትሪ በጀታችሁን በልቶ ከፓነሉ ቀድሞ ይሞታል።

ጉድጓዱ አሸዋ የሚያወጣ ከሆነ ፓምፑን ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በናይለን ገመድ ስቀሉት። በኤሌክትሪክ ገመዱ አታንጠልጥሉት፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።

ሌብነት ካሰጋችሁ ፓነሉን ከቤት ጣሪያ ላይ አስሩት፤ ገመዱ ቢረዝም ወፈር ያለ መዳብ ግዙ። ቤቱ ከማሳው በጣም ከራቀና ጠባቂ ከሌለ ግን ቤንዚኑን ምረጡ። እሱ ማታ በትከሻ ተሸክመውት ቤት ይገባል፤ አራት ቦታ የተበታተነ መሬት ላለውም እንዲሁ።

የምትገዙት ቅዳሜ ከሆነ ጠዋት ድረሱ። ከሰዓት መርካቶ ውስጥ ማሽን አስነስቶ የሚያሳይ ሰው አታገኙም፤ ሳይነሳ የተሸጠን ፓምፕ ደግሞ ማንም አይመልስላችሁም።