ለጣና ዳር የቱ ይሻላል፦ ግዙፉ ሳንቲም ወይስ ትንሹ?

በባሕር ዳር የሐይቁ ዳርቻ ጎብኚ ፎቶ የሚነሣበት ግዙፍ ወርቅ ቅብ ሳንቲም ይቁም የሚሉ አሉ። ታንኳ የተቀረጸበት፣ በኪስ የሚያዝ የነሐስ ሳንቲም ይሸጥ የሚሉም አሉ።

ግዙፉ ወሬ እንደሚያስነሣ አያጠራጥርም። የካናዳ ሳንቲም ማምረቻ እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ሚሊዮን ዶላር የተጻፈበትን ባለ 100 ኪሎ ግራም የወርቅ ሳንቲም የሠራው ባለ አንድ አውንስ ሳንቲሞቹን ለማስተዋወቅ ነበር፤ ተሳክቶለታልም። በ2011 ግን አውስትራሊያ አንድ ቶን የሚመዝን ሠርታ ክብረ ወሰኑን ወሰደች። በመጠን የተገኘ ዝና የበለጠ ትልቅ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው። ደግሞም የእነርሱ ሳንቲም ወሬው ቢረሳ እንኳ ወርቁ ዋጋ አለው፤ ከካናዳዎቹ አንዱ ከበርሊኑ ቦዴ ሙዚየም በ2017 የተሰረቀውም ለዚሁ ነው። የእኛ ግን ቅብ ነው። ፀሐይና የሐይቁ እርጥበት ሲልጡት የሚቀረው የእድሳት ወጪ ነው።

ትንሹ ሳንቲም ከሩቅ አይታይም፤ በአንድ ቀንም ስም አያወጣም። ሆኖም ከጎብኚው ጋር ይሄዳል። ጥቂት ግራም ብቻ የሚመዝኑት የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች የነገሥታቱን ስም በግሪክኛ ተሸክመው የመንና ሕንድ ደርሰዋል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ የለም!

ስለዚህ ምርጫዬ ትንሹ ነው፤ ቅርጹን የከተማዋ አንጥረኞች ያውጡት። ፎቶ ለሚፈልግ ደግሞ ከደንገል የተሠራ እውነተኛ ታንኳ በዳርቻው ይቀመጥለት።