የመጀመሪያ የእንጨት ቶርኖ ልትገዙ ነው? ባለ ቧንቧውን ተጠንቀቁ

እኔ ተቃጥያለሁ፣ እናንተ እንዳትቃጠሉ ብዬ ነው የምጽፈው። ቶርኖ እንጨት እያሽከረከረ በመሮ ክብ አድርጎ ለመቅረጽ የሚያገለግል ማሽን ነው።

ወርክሾፔ ጠባብ ናት። የጠረጴዛ እግር፣ የረከቦት እግር፣ አልፎ አልፎም ሙዳይ እሠራለሁ። ከዚህ በፊት እግሮቹን ቶርኖ ቤት እየወሰድኩ በፍሬ እየከፈልኩ ነበር የማሠራው። በዚህ መሃል መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ አዲስ ቶርኖ አየሁ። ሻጩ «አንድ ፈረስ ጉልበት ነው፣ አንድ ሜትር እንጨት ይይዛል» አለኝ። ዋጋው ከሌሎቹ ግማሽ ነበር። ሳላስነሳው አስጫንኩት።

ወርክሾፕ ደርሼ የሞተሩን ሰሌዳ ሳነብ 370 ዋት ይላል። አንድ ፈረስ ጉልበት እኮ 746 ዋት ገደማ ነው! ከጎኑ ደግሞ «ኤስ2 30 ደቂቃ» ተጽፏል። ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ እስኪቀዘቅዝ መቆም አለበት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ይሄ አይሆንም።

የባሰው አካሉ ነው። የእንጨቱን ቀኝ ጫፍ የሚይዘው ደጋፊ የሚንሸራተተው ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ላይ ነው። 70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዋንዛ አስሬ አስነሳሁት። መሮዬ ገና እንጨቱን ሲነካ ቧንቧው ከመሃሉ ይንቀጠቀጣል፣ መሮውም አብሮ ይዘላል። እንጨቱ ዙሪያውን ተቦርቡሮ ወጣ። አጥፍቼ እንጨቱን ከግራና ከቀኝ የሚይዙትን ሹሎች ሳገናኛቸው ጫፎቻቸው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይተላለፋሉ። በእንዲህ ዓይነት ማሽን ጥሩ እግር ማውጣት ከባድ ነው።

ዝቅተኛው ፍጥነቱ በደቂቃ 850 ዙር ነው። ገና ላልተስተካከለ ወፍራም እንጨት ይሄ በጣም ብዙ ነው። አንድ ቀን ለሙቀጫ ያሰብኩት ጉማጅ ከማሽኑ ተስፈንጥሮ ግድግዳውን መታው። ሥራ የማስተምረው ልጅ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ልመልስ ብዬ ስሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ። ደረሰኙም ላይ ተጽፏል።

ስለዚህ እባካችሁ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ አስነሱት። የሻጩን አፍ ትታችሁ የሞተሩን ሰሌዳ አንብቡ። ባለ 380 ቮልት ሞተር ከሆነ ወርክሾፓችሁ ሦስት ፌዝ መስመር ያስፈልገዋል፤ ከአሜሪካ የመጣ ባለ 110 ቮልት ከሆነ ደግሞ በቀጥታ እኛ 220 ላይ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ሹሎቹን አገናኙ። ማሽኑን አጥፉና የሚሽከረከረውን ራስ በእጃችሁ ይዛችሁ ወዝውዙት፤ ከተላወሰ ኩሽኔታው አልቋል። ሜትርም ይዛችሁ ሂዱ፤ የጠረጴዛ እግር 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ በሁለቱ ሹሎች መሃል 80 እንኳ ካልያዘ አይጠቅማችሁም። የፊት መከላከያም ከቶርኖው ጋር አብራችሁ ግዙ፣ ለነገ አትበሉ።

እኔ አሁን የምሠራበት ያገለገለ ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ ከባድ ብረት) ቶርኖ ነው። ቀለሙ ረግፏል፣ ለማውረድ አራት ሰው ፈጅቷል፣ ቺንጋውንም (የሞተሩን ቀበቶ) ቀይሬለታለሁ። ግን አይነቃነቅም። ያኛውን የሚገዛ ሰው መጥቶ ነበር፤ ችግሩን ስነግረው ተወው። ሞተሩን ፈትቼ መሮ መሳያ ድንጋይ ላይ ልገጥመው ነው።