በእጅ ቀለበት፣ በዘንግ ወይስ በእጅ ፔዳል? ዊልቸር ከመግዛታችሁ በፊት

ከሁሉ በፊት ሜትር ፈልጉና የቤታችሁን በር ለኩ። የመጸዳጃ ቤቱንም ጭምር። እኔ የለካሁት ዕቃው ከመጣ በኋላ ነው። የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ጥንድ መግፊያ ዘንግ ላከልኝ፤ ዊልቸሬ ላይ ተገጠመ፤ ግቢውን ሁለቴ ዞርኩበት፤ ጎረቤት አጨበጨበልኝ። ከዚያ ወደ ቤት ልገባ ስል በሩ ላይ ቀረሁ። ወንበሬ ከዳር እስከ ዳር 65 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ዘንጉ የሚታሰርበት አካል በግራም በቀኝም ሦስት ሦስት ጨመረበትና 71 ሆነ። የቤቴ በር ደግሞ 70 ነው። በአንድ ሳንቲ ሜትር ምክንያት ውጭ አምሽቼ አውቃለሁ።

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ተቀምጬ ነው። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ብስክሌት የሞላባት ናት፣ ጠጋኙም በየማዕዘኑ ነው። አዲስ አበባ ሽቅብና ቁልቁል ለምትወጡና ለምትወርዱ ፍርዴ በአንዳንድ ቦታ ይለያል፤ እዚያው ላይ እነግራችኋለሁ። በባትሪ የሚገፉትን አላነሳም፤ የእነሱ ጣጣ ሌላ ነው።

ምርጫው በአራት ነገሮች መካከል ነው። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው፣ ጎማው ዳር ያለውን የእጅ ቀለበት እየገፉ የሚሄዱበት ተራ ዊልቸር ነው። ሁለተኛው በዚያው ዊልቸር ላይ የሚጨመር መግፊያ ዘንግ ነው። ሦስተኛው ከመነሻው በዘንግ እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራ ሙሉ ወንበር ነው። አራተኛው በየመንገዱ የምታዩት፣ ከፊት በእጅ የሚዞር ፔዳል ያለው ባለ ሦስት ጎማ ነው።

ቀለበቱ ለምን ያደክማል?

ቀለበት መግፋት ለትከሻ መጥፎ ሥራ ነው። እጅ ወደ ኋላ ሄዶ ቀለበቱን መጨበጥ፣ መግፋት፣ መልቀቅ፣ እንደገና መመለስ አለበት፤ ይህ በቀን በሺህ ጊዜ ይደጋገማል። በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶች የሚያሳዩት ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት ወደ ጉዞ የሚለወጠው 10 በመቶ አካባቢ ብቻ መሆኑን ነው። ዘንግና የእጅ ፔዳል ከዚህ ይሻላሉ። ለዓመታት በዊልቸር የኖረ ሰው ሌሊት ትከሻው እየጠዘጠዘው ሲገላበጥ ቢያድር አይግረማችሁ።

ዘንጉ የሚሠራው ድንጋይ በብረት እንደመፈንቀል ነው። ክንዱ ረዘም ስለሚል በትንሽ ግፊት ጎማው ይዞራል። ወደ ፊት ስትገፉት ጎማውን ይይዛል፤ ወደ ኋላ ስትመልሱት ይለቀዋል። ይህ የብስክሌት ፔዳል መምታት ስታቆሙ «ጭርርር» እያለ ከሚዞረው የኋላ ማርሽ ጋር አንድ ዓይነት ብልሃት ነው። የሚሠራው ደረትና የክንድ ጀርባ ስለሆነ ትከሻ ያርፋል። ጣታቸው በደንብ የማይጨብጥ ሰዎችም በመዳፍ መግፋት ይችላሉ፤ ለእነሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ዘንግ አይገዛም? አንዱ ምክንያት ወደ ኋላ መሄድ ነው። ብዙዎቹ ዘንጎች ወደ ፊት ብቻ ነው የሚይዙት፤ ወደ ኋላ ለመሄድ ወይም ጠባብ ቦታ ላይ ለመዞር እጅ ወደ ጎማው መመለሱ አይቀርም። እንደ አሜሪካው ዊጂት ያሉት፣ ጎማውን በሙሉ የሚተኩት፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ነጻ የሚያደርግ ማርሽ አላቸው። ምቾቱ እውነት ነው። ግን ውስጣቸው ቢበላሽ የኛ ሰፈር ጠጋኝ ምን እንደሚያደርግ ራሳችሁ ገምቱ።

በነበረ ወንበር ላይ መግጠም

ሻጩ «አሥር ደቂቃ ይበቃል» ይላችኋል። ዘንጉን ለማሰር አዎ ይበቃል። ወንበሩ ዘንጉን እንዲሸከም ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው።

የኔን የገጠመልኝ የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ጎማውን አንስቶ አየና፣ «ጋሼ፣ ይኼ ራጂ አይችለውም» አለኝ፤ ራጂ ማለት ከጎማው መሀል ወደ ዳር የተወጠረው ቀጭን ሽቦ ነው። አልሰማሁትም። ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ በገፋሁ ቁጥር «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ጀመረ። በአራተኛው ሳምንት ሁለት ራጂ ተበጠሰ፣ ቸርኬውም (ጎማው የሚገባበት ክብ ብረት) ተጣመመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእጅ ቀለበት የሚታሰረው ቸርኬው ላይ ነው፤ ስትገፉት ኃይሉ በቀጥታ ቸርኬውን ያዞራል። ራጂው ክብደታችሁን ከመሸከም ያለፈ ሥራ የለውም። ዘንጉ ግን የሚታሰረው የጎማው መሀል ላይ ነው። ስለዚህ የምትገፉት ኃይል በሙሉ ወደ ቸርኬው ለመድረስ በራጂው ውስጥ ማለፍ አለበት። ራጂው ከመሀል ወደ ዳር ቀጥ ቀጥ ብሎ የተተከለ ከሆነ፣ ብዙ ዊልቸሮች ላይ እንዲህ ነው፣ ይጠማዘዛል፣ ይላላል፣ ይበጠሳል። እንደ ብስክሌት የኋላ ጎማ እርስ በርሱ ተጠላልፎ የተሠራ ከሆነ ግን ይችለዋል። ሆስፒታል ውስጥ የምታዩት የፕላስቲክ ክንድ ያለው ጎማማ መሀሉ ይሰነጠቃል፤ እሱ ላይ ዘንግ ለመግጠም አትሞክሩ። እኔ በመጨረሻ ጎማዎቹን አስፈትቼ ራጂውን ተጠላልፎ እንዲተከል አደረግሁ። ጠጋኙ «ነግሬህ ነበር» አላለኝም፤ ሂሳቡን ነገረኝ እንጂ።

ከመግዛታችሁ በፊት ከበሩ ሌላ የምትለኩት ይኸውላችሁ። አክስሉ፣ ማለትም ጎማውን ከወንበሩ ጋር የሚያይዘው ብረት፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚወጣ ነው ወይስ በዳዶ የታሰረ? ውፍረቱስ? በአብዛኛው 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግን ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ካላችሁ አረጋግጡ። የክንድ ማሳረፊያው ወደ ኋላ ይታጠፋል? ካልታጠፈ ዘንጉ በገፋችሁ ቁጥር ክርናችሁን ከብረት ጋር ያጋጨዋል። ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ያጋደሉ ናቸው? እንደዚያ ከሆኑ ዘንጉ ጭናችሁን ወይም የወንበሩን ብረት ሊነካ ይችላል። ከኋላ መገልበጥን የሚከለክሉት ትናንሽ እግሮችስ አሉ? ዘንግ ሲገፋ ወንበሩ የፊት ጎማውን ያነሳል፤ ሽቅብ ላይ ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ እነዚያ እግሮች የሌሉት ወንበር ላይ ዘንግ አትግጠሙ።

የበሩን ችግር እንዴት ፈታሁት? ሁለተኛ ጥንድ ተራ ጎማ ገዛሁ። ውጭ ስወጣ ባለ ዘንጉ፣ ቤት ስገባ ተራው። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አክስሉን ስቤ ራሴ እቀይረዋለሁ። እጁ ያን ያህል የማይታዘዝለት ሰው ግን በየቀኑ የሚቀይርለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ይህን ሳታስቡ አትግዙ።

ሙሉ የዘንግ ወንበር

በዚህ ዘርፍ ስሙ የሚነሳው ፍሪደም ቼር ነው። ታሪኩ እኛ አካባቢ ይጀምራል፤ አሞስ ዊንተር የሚባል የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በፈረንጆቹ 2005 ታንዛኒያ ሄዶ ዊልቸር ተጠቃሚዎች አቧራና ጭቃ ላይ ሲቸገሩ አየ። ከዚያ በረጅም ዘንግ የሚገፋ፣ ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ያለው፣ በብስክሌት ካቴናና ማርሽ የሚሠራ ወንበር ተወለደ። ብልሃቱ ያለው ከእጃችሁ ነው። ዘንጉን ጫፉ ላይ ስትይዙት ጉልበት ታገኛላችሁ፣ ዝቅ አድርጋችሁ ስትይዙት ፍጥነት ታገኛላችሁ። የማርሽ መቀያየሪያ የለውም፤ መቀያየሪያው ክንዳችሁ ነው። ዘንጉን ወደ ራሳችሁ ስትስቡት ፍሬን ይሆናል።

እኔ በዚህ ወንበር የምወደው ፍጥነቱን አይደለም፤ ጎማውን ነው። ከላይ ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። ተራ ዊልቸር ጎማው «24 ኢንች» ይባላል፤ ብስክሌት ሱቅም «24 ኢንች» የሚባል ጎማ አለ። ገዝታችሁ ስትመጡ ግን አይገባም። የዊልቸሩ ቸርኬ 540 ሚሊ ሜትር ነው፣ የብስክሌቱ 507። ቁጥሩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። ፍሪደም ቼር የሚጠቀመው የተራራ ብስክሌት ጎማ ነው፤ ጎማውም፣ ካላማዳሪያውም፣ ራጂውም፣ ካቴናውም የብስክሌት ዕቃ ያለበት ሱቅ ሁሉ ይገኛል። ባሕር ዳር ውስጥ ይህ ማለት አንድ ሰዓት ጠብቆ መሄድ ነው። ለሌላው ወንበር ግን ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ሁለት ወር አልጋ ላይ ልትቀመጡ ትችላላችሁ።

ጉዳቱን ደግሞ አልደብቅም። ዋጋው በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። ረጅም ነው፤ ሊፍት ውስጥና ጠባብ ሳሎን ውስጥ መዞር ይቸግራል። ጠረጴዛ ሥር አይገባም። ስለዚህ የቤት ወንበራችሁን አይተካም፤ ሁለተኛ ወንበር ነው። ገጠር ለሚኖር፣ ማሳ ለሚያቋርጥ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታ ሥር ለሆነ ሰው ግን ከአራቱ የምመርጥለት ይህንን ነው።

ባለ ሦስት ጎማው

ይህን ሰው ይንቀዋል። ተሳስቷል። ሜዳ ከተማ ውስጥ፣ አስፋልት ላይ፣ ሩቅ መንገድ ለሚሄድና ዕቃ ለሚሸከም ነጋዴ የሚደርስበት የለም። የተበላሸውን ማንም ጠጋኝ ይሠራዋል። ግን ቤት ውስጥ አይገባም፣ ባጃጅ ላይ አይጫንም፤ ስለዚህ ከእሱ ወርዶ ሌላ ወንበር ላይ መቀመጥ አለ፣ ውጭ ሲያድርም ጠባቂ ይፈልጋል። ሽቅብ ላይ ደግሞ የተለየ ችግር አለው። ኃይሉ የሚደርሰው የፊት ጎማው ላይ ሲሆን የእናንተ ክብደት ያለው ከኋላ ነው፤ ዳገቱ ሲበረታ፣ በተለይ ኮብልስቶኑ በክረምት ሲርስ፣ የፊት ጎማው እዚያው ይሽከረከራል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ከኋላ ሲገፋላቸው የምታዩት ሁልጊዜ ስለደከሙ አይደለም።

በአንድ ወገን ስትሮክ ለመታው ሰው በሁለት እጅ የሚገፉት አይመቹም። ለእሱ በአንድ እጅ ብቻ የሚገፋና በዚያው የሚመራ ባለ አንድ ዘንግ ወንበር አለ፤ ከመግዛታችሁ በፊት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያማክረው።

ጥገናው

ዘንግ ያለው ወንበር እንደ ተራው አይረሳም። ከሁሉ የሚያስፈራው ያ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚይዘው ማርሽ ሲንሸራተት ነው። አንድ ቀን ከቀበሌ ስመለስ አነስተኛ አቀበት ላይ በሙሉ ጉልበቴ ገፋሁ፤ ማርሹ አልያዘም፤ ክንዴ ባዶ ሄዶ በደረቴ ጉልበቴ ላይ ወደቅሁ። ሲፈታ ውስጡ ወፍራም ግራሶ ታጭቆበት ነበር። ያጨቅኩት እኔው ነኝ፣ «ይለስልስ» ብዬ። ውስጡ ያሉት ትናንሽ ጥርሶች በስፕሪንግ እየተነሱ ነው የሚይዙት፤ ወፍራም ግራሶ ከአቧራ ጋር ሲጋገር ተጣብቀው ይቀራሉ። እዚያ ቦታ የሚገባው ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት ብቻ ነው። ግራሶ የሚገባው ጎማው ለሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው።

የጎማ ነፋስ ደግሞ ፍሬንም ነው። የማቆሚያው ብረት የሚይዘው ጎማውን በመጫን ነው፤ ጎማው ሲተነፍስ ብረቱ አይደርስም፣ ወንበሩ ሲቆም ቀስ እያለ ይሄዳል። ዘንጉን ስትስቡት ጎማውን የሚይዘው ፍሬንም እንደዚያው ነው። በየሳምንቱ ንፉ፤ ሁለቱን ጎማ እኩል ንፉ፣ አለዚያ ወንበሩ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ ጥፋቱን ዘንጉ ላይ ታሳብባላችሁ።

ብሎኖቹን ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት እንደገና አጥብቁ። ካቴና ካለው ከዝናብ በኋላ በጨርቅ ጠርጉና ዘይት አድርጉ። በግፊት ውኃ አታሳጥቡ፤ ውኃው ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል። ለእናቶች አንድ ነገር ልጨምር፦ የነጠላ ጫፍ ካቴና ውስጥ ሲገባ ነጠላውም፣ ካቴናውም፣ ቀኑም ይበላሻል። ከወገብ አጥብቃችሁ እሰሩት።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ፣ እዚህ አብዛኛው እንደዚያ ነው፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ወንበሩን በሁለት ሰው አስነሱና ጎማዎቹ አየር ላይ ይንጠልጠሉ። አንዱን ዘንግ ቀስ አድርጋችሁ ግፉ፤ ወዲያው መያዝ አለበት፣ ጣት ያህል ባዶ ከሄደ ተበልቷል። ወደ ኋላ መልሱት፤ ጎማው አብሮ ከተመለሰ ተጣብቋል። ከዚያ ሁለቱንም እኩል ገፍታችሁ ልቀቁ፤ የቱ ቀድሞ እንደሚቆም እዩ፣ ኩሽኔታው ያለቀው እሱ ነው። በመጨረሻ ራጂዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ በጣት ጨመቅ ጨመቅ አድርጓቸው። የሚርገበገብ ካለ ዋጋውን አስቀንሱ፤ ብዙ ከሆኑ ተዉት።