ኮንዴ ዴ ቪያኑዌቫ፦ ምሳ ከታች፣ ሲጋር ከላይ

ሃቫና ውስጥ ሲጋር የሚሸጥበት ቦታ ሞልቷል። ከጓደኞች ጋር በልቶ፣ ተጫውቶ፣ አንዱን ሲጋር ሳይቻኮሉ የሚጨርሱበት ቤት ግን ብዙ አይደለም። ለዚህ ኮንዴ ዴ ቪያኑዌቫን የሚያህል ማግኘት ይከብዳል። ቤቱ በድሮዋ ሃቫና የሜርካዴሬስና የላምፓሪያ መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው፤ ከፕላዛ ቪዬሃ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ።

አነስተኛ ሆቴል ሲሆን ክፍሎቹ 9 ብቻ ናቸው፤ ስማቸውም የትምባሆ እርሻዎች ስም ነው። ሆቴሉ ስሙን ያገኘው «ኮንዴ» የሚል የመኳንንት ማዕረግ ከነበረው ሰው ነው፤ ክላውዲዮ ማርቲኔስ ዴ ፒኒዮስ የተባለው ይህ ሰው የኩባን ትምባሆ ለዓለም ገበያ ለማስተዋወቅ የደከመ፣ እ.ኤ.አ. በ1837 ሥራ የጀመረውን የኩባን የመጀመሪያ የባቡር መስመር ያስገነባ ባለሥልጣን ነበር። ከበሩ ሲገቡ ዛፍ የሞላው፣ ጣዎሶች የሚመላለሱበት ግቢ ይቀበላችኋል። ላ ካሳ ዴል ሃባኖ የተባለው የሲጋር መደብርና ማጨሻ ክፍሉ በምድር ቤቱና በአንደኛው ፎቅ መካከል ባለው ዝቅተኛ ወለል ላይ ናቸው፤ በጠባብ ደረጃ ይወጣል።

መጀመሪያ ብሉ። ባዶ ሆድ ላይ ሲጋር የለኮሰ ሰው ግማሹ ላይ ሳይደርስ ላብ ላብ ይለዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ኒኮቲኑ በአፍ ቆዳ በኩል ወደ ደም ስለሚገባ ጭሱን አለመዋጥ ብቻውን አያድንም። ከኩባ ምግቦች ለዚህ የሚስማሙት ስብ ያላቸውና የማያቃጥሉ ናቸው፦ በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጣ ብርቱካን ተዘፍዝፎ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ፣ ወይም ሮፓ ቪዬሃ የሚባለው በቲማቲምና በቃሪያ ተቀቅሎ እንደ ክር የተተለተለ የበሬ ሥጋ፣ ከጥቁር ባቄላና ከሩዝ ጋር። አሳማ የማይበላ ሁለተኛውን ይዘዝ። ከምግቡ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ግቢው ውስጥ አረፍ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡ።

አሁን ወደ ምርጫው። እዚህ ላይ ብዙ ጎብኚ የሚሳሳተው ውዱን በማንሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተፈጠረው ኮሂባ ድንቅ ሲጋር ነው፤ ሲግሎ 6 የሚባለው 150 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ግን የኮሂባና ትሪኒዳድ የተባለው ሌላ የኩባ ሲጋር ዋጋ በዓለም ዙሪያ በከፍተኛ መጠን ስለጨመረ ለጀማሪ ቡድን አያዋጣም። የእኛ ምክር ሞንቴክሪስቶ ቁጥር 4 ነው፦ 129 ሚሊ ሜትር፣ የውፍረት ቁጥሩ 42፣ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ። የውፍረት ቁጥር የሚለካው በኢንች 64ኛ ስለሆነ 42 ማለት 16.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልምድ ያለው ሰው ፓርታጋስ ሴሪ ዲ ቁጥር 4ን ይውሰድ፤ 124 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረት 50፣ ጠንካራና መሬት መሬት የሚል። ለስለስ ያለ የሚፈልግ በዚያው መጠን ኦዮ ዴ ሞንቴሬይ ኤፒኩሬ ቁጥር 2 አለለት። በቡድን ስትሆኑ ተቀራራቢ ርዝመት ምረጡ፤ አንዱ ጨርሶ ሰዓቱን ሲያይ ሌላው ገና ግማሽ ላይ ከሆነ ጨዋታው ይበላሻል።

ስትመርጡ በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ጨበጥ አድርጉት። እንደ ስፖንጅ እሺ ብሎ መመለስ አለበት። መሃሉ ላይ ድንጋይ የመሰለ ቋጠሮ ካለ ቅጠሉ ተጨናንቆ ተጠቅልሏል፣ አይሳብም። ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ደርቋል። የሃቫና አየር እርጥብ ስለሆነ ከመድረቅ ይልቅ የሚበዛው ተቃራኒው ችግር ነው፦ የረጠበ ሲጋር ደጋግሞ ይጠፋል፣ ሲሳብም ይከብዳል።

ቤቱ ስሙን ያተረፈው በራሱ ጠቅላዮችም ነው። የብራንድ የወረቀት ቀለበት የሌለው፣ እዚያው በእጅ የተጠቀለለ ሲጋር ከታወቁት ብራንዶች በዋጋ ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ለጋ ነው። አንድ ነገር እወቁ፦ እንዲህ ያለው ሲጋር በተጠቀለለ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጨሳል፣ አለዚያ ለወራት ማረፍ አለበት። በመካከሉ ቅጠሉ እንደገና ስለሚብላላ የአሞኒያ ሽታ ያወጣል፣ ምላስንም ይለበልባል። ስለዚህ መቼ እንደተጠቀለለ ሳይጠይቁ አይገዛም።

አቆራረጡ ላይ አትቸኩሉ። ጫፉ ላይ ያለው ቆብ የሚያልቅበት መስመር ይታያል፤ ከመስመሩ በላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይቆረጣል። ከመስመሩ በታች የተቆረጠ ሲጋር የላይኛው ቅጠሉ መፈታት ይጀምራልና ማዳኛ የለውም። ከቆረጣችሁ በኋላ ሳትለኩሱ ሳብ አድርጉ፤ አየሩ ካልመጣ እሳት አይፈታውም፣ እዚያው ለሻጩ ማሳየት ይሻላል።

ለመለኮስ የጋዝ ላይተር ወይም ረጅም ክብሪት ተጠቀሙ። የቤንዚን ላይተርና ሻማ ሽታቸውን ያስተላልፋሉ። ሲጋሩን 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ከነበልባሉ ጫፍ በላይ ያዙትና እያሽከረከራችሁ ዙሪያው እስኪጠቁር አሙቁት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ አፍ። ትንሽ እፍ ብላችሁ ስታዩት ጫፉ ሙሉ በሙሉ መቅላት አለበት። ያልቀላ ጎን ከቀረ በዚያ በኩል ሳይነድ ይቀርና ሲጋሩ እንደ ጀልባ ይጎደጉዳል። ከሆነም የዘገየውን ጎን ወደ ታች አዙራችሁ ያዙ፤ እሳት ከስር የበለጠ አየር ስለሚያገኝ ብዙ ጊዜ ራሱን ያስተካክላል።

በደቂቃ አንድ ጊዜ መሳብ ይበቃል። ከዚያ ከፈጠነ ይግላል፣ ይመርራል። አመዱን በየጊዜው አታራግፉ፤ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሲሆን መተርኮሻው ላይ ደገፍ ብታደርጉት በራሱ ይወድቃል። ቀለበቱ ከመጀመሪያው አይላጥም፤ ሙቀቱ ሙጫውን ሲያላላው ቅጠሉን ሳይቀድ ይወጣል። የመጨረሻው ሲሶ የሚጠነክረው ኒኮቲኑና ቅባቱ ወደዚያ ስለሚከማች ነው፣ እዚያ ላይ ማቆም ነውር የለውም። አይደፈጠጥም፤ መተርኮሻው ላይ ትታችሁት ራሱ ይጥፋ፤ የተደፈጠጠ ሲጋር ክፍሉን ያገማል።

መጠጡን በተመለከተ ሞሂቶን ከሲጋር ጋር አናስማማም፤ ናናውና ሎሚው ጣዕሙን ያጠፉታል። ያረጀ ሩም፣ ለምሳሌ ሃቫና ክለብ 7 ዓመት፣ ያለ በረዶ ይስማማል። ግን የአገራችን ሰዎች የሚወዱት ቡና ይሆናል፦ በትንሽ ስኒ የሚመጣው የኩባ ቡና ወፍራምና ብዙ ስኳር ያለው ሲሆን፣ ስኳሩ ለሚያዞራቸውም ይረዳል። አጠገቡ ውኃ አይጥፋ። በኢትዮጵያ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን በከለከለው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምክንያት የቤት ውስጥ ጭስ ላልለመደ ጓደኛ ማጨሻው ክፍል ስለሚከብድ ከታች ግቢው ይሻለዋል። ሲጋር ባይዋጥም ጉዳት የሌለው ነገር አይደለምና ማንም ማንንም አይጎትት።

ክፍያን አስቀድማችሁ አስቡ። በኩባ የመንግሥት ሲጋር መደብሮች ካርድ ስለሚጠይቁ ካርድ ያዙ፤ በአሜሪካ ባንክ የተሰጠ ካርድ ግን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2024 የኩባ መብራት በተደጋጋሚ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ስለነበር ክፍት መሆኑን ደውሎ ማረጋገጥ አይከፋም። በመንገድ ላይ «ዛሬ የማኅበር ቅናሽ ነው» የሚላችሁን እለፉት፤ እንዲህ ያለ ቅናሽ የለም። መስታወት ክዳን ያለው የኮሂባ ሳጥን ካሳዩዋችሁ ኮሂባ እንዲህ ያለ ሳጥን ስለማይሠራ ያለጥርጥር ሐሰተኛ ነው።

ይዛችሁ ስትወጡ የኩባ ጉምሩክ ያለ ደረሰኝ ከሳጥን ውጭ በነጠላ የተያዘ 20 ሲጋር፣ ባልተከፈተና ሆሎግራም (አብረቅራቂ የማረጋገጫ ምልክት) ባለው ሳጥን ደግሞ እስከ 50 ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ለሆነ የግዢ ሰነድ ያስፈልጋል። አሜሪካ ያላችሁ ተጠንቀቁ፦ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ የኩባ ሲጋርና ሩም በሻንጣ ማስገባት ተከልክሏል። በአውሮፓ ወይም በእስራኤል ፓስፖርት የምትጓዙም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ወዲህ ኩባን ከረገጣችሁ ያለ ቪዛ ወደ አሜሪካ የምትገቡበት ኢስታ ይቀርባችኋል፣ ቪዛ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

የአውሮፕላን አየር በጣም ደረቅ ስለሆነ ሲጋሩን ሻንጣ ውስጥ እንዲሁ አትጣሉት። በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት 65 በመቶ የሚል የእርጥበት መጠበቂያ ፓኮ ጨምራችሁ፣ በጠንካራ ዕቃ ውስጥ ከእጃችሁ ሳይለይ ይጓዝ። ቤት ስትደርሱ በዚያው እርጥበት፣ ከ18 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አሳርፉት፤ በሙቀት የሚፈለፈለው የትምባሆ ጥንዚዛ ከተነሳ አንዷ ሲጋር ብቻ ሳትሆን ሳጥኑ በሙሉ ይበሳሳል።